ቀለም በጥባጩ
(ቡዳፔስት፣ ሐምሌ 1946)

ሬዦ እባላለሁ፤ ሥራዬ ቀለም መበጥበጥ፤
የሰኞው አረንጓዴ ከጥፍሬ ሳይለቅ፣ በሐሙስ ወደ ቀይ መለወጥ።
ማተሚያው ምድር ቤት ነው፤ የላዩ ፎቅ በቦምብ ፈርሶ፣
ዝናብ ሲመጣ ወረቀቱ ይድናል የእኛን ካፖርት ለብሶ።

ድልድዮቹ ተንበርክከው ከዳኑብ ይጠጣሉ፤
ድልድይ ማቆም፣ ሐዲድ ማንጠፍ፣ ካሳ መክፈል፤ ወጪዎች በወረፋ ይመጣሉ።
ገቢውስ? ግብር ሰብሳቢ በር ያንኳኳል እንዳይባል፣
በሩን ራሱን ባለፈው ብርድ ለማገዶ ፈልጠነዋል።

ከዚያ ደብዳቤ ይጻፋል፤ ከሚኒስቴሩ ለባንኩ፦
«ዛሬም ጎድሎብናል፤ እንደ ትናንቱ፣ ግን ከፍ ይበል ልኩ።»
ባንኩ ለእኛ፤ አለቃዬ ካልማን መነጽሩን ጠርጎ ያነበዋል፤
«ሬዦ፣ ያልነካነው ቀለም የትኛው ቀረ?» ይለኛል።
እኔም እበጠብጣለሁ።

አዲስ ሥዕል ለመቅረጽ ጊዜውም አልነበረ፤
ሻሽ ያሰረችው ሴት ያችው ናት፤ ቀለሟ ብቻ ተቀያየረ፦
በጥር ሰማያዊ፣ በሚያዝያ ቡናማ፣ በሰኔ ወይን ጠጅ፤
እሷ አታረጅ፣
እኛ ግን በየቀለሙ ሚሊዮን ጊዜ ከበርን፣ ዳቦ ሳይደርስ እኛ ደጅ።
ለዜሮ ወረቀቱ ጠበበ፤ ቁጥሩን በፊደል መጻፍ ያዝን፤
ካልማን «ፊደል ይሻላል፤ አንባቢን አያስደነግጥም» አለን።

ወርቁማ በጦርነቱ በባቡር ተጭኖ ሄዷል ይባላል፤
እጃችን ላይ የቀረው ሰሙ ነው፤ ሰም ደግሞ እጅ ሲበዛበት ይላላል።

ደመወዜን ጠዋት በአጥሩ ቀዳዳ ለቪልማ አቀብላለሁ፤
«ሩጪ!» እላታለሁ።
ትሮጣለች፤ ዋጋው ግን በአቋራጭ ቀድሟት ገበያ ደርሷል።
ለአሥር እንቁላል የወጣች በግማሽ ሽንኩርት ትገባለች፤
«ደግ ነው፤ የምናለቅስበት ሰበብ አገኘን» ትላለች።

ኤቴልካ፣ ድሮ መጠጥ ቤት የነበራት፣ ነገሩ አይገርማትም፤
«እንግዳ ሲበዛ በርሜሉ ላይ ውሃ ስጨምር፣ በፊተኛው ዙር ማንም አያውቅም፤
በሁለተኛው ያወቀው፣ አፍሮ ዝም ይላል፤
በሦስተኛው ዱላ ይነሳል።
ሰክሮ የሚጣላ አውቅ ነበር» አለችኝ፣
«ሳይሰክር የሚጣላን ግን ውሃዬ ናት ያሳየችኝ።»

ኢልካ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ደብተር የለም፤
ጀርባው ያልታተመ ብላሽ ወረቀት ወሰድኩላት፤ ኃጢአቱ ለእኔ ይሁን፣ ግድ የለም።
በመቶ ሚሊዮን ጀርባ ሦስትና አራት ደመረች፤
«አባዬ፣ ሰባት ነው አይደል?» አለች።
ሰባት ነው።
በዚያ ሳምንት ካየሁት ቁጥር ሁሉ ያልዋሸኝ እሱ ነው።

በነሐሴ አዲስ ገንዘብ ይወጣል አሉ፤ ካልማንን «ምን ቀለም?» አልኩት፤
«ጥቂት» አለኝ። ይህን ቀለም በሃያ ዓመት ሥራዬ ገና ዛሬ ሰማሁት።

የማንንም ኪስ አልዳሰስኩም፤ ቁልፍ አልሰበርኩም፤
የአቶ ኦዶንን ደጅ እንኳ አልረገጥኩም።
የሒሳብ መምህር ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ለጡረታው ያጠራቀመው፣
ባለፈው ማክሰኞ አንዲት እንጨት ክብሪት ገዛለት፤ እርጥብ ናት፣ እምቢ አለችው።

ትናንት ማታ አየሁት፣ አዲሱ ድልድይ መሐል ቆሞ፣
ባርኔጣውን በብብቱ ይዞ፣ ጆሮውን ከብረቱ አጋጥሞ።
በከዘራው መታ፤ አንዴ፤ ሁለቴ፤ አዳመጠ፤
ብረቱ ድምፁን እስኪጨርስ ትንፋሹን ዋጠ።
«ከዚህ ምሰሶ እስከዚያኛው» አለኝ፣ «ጡረታዬ ናት፤
አየህ፣ ሰው ሁሉ ይሄድባታል፤ እኔ ብቻ ነኝ የማውቃት።»

አልተቆጣም። እንደ ጎረቤት ለሰላምታ እጁን ዘረጋ።
እኔ የእኔን ኪሴ ከተትኩት፤
ቀዩ ገና አልደረቀም ነበር።